ከቡሬ ቁልቁለት በታች ያለው ቅቤ

መቱ ከተማ ካሉት የመዋቢያ ዕቃ መሸጫ ሱቆች ወደ አንዱ ጎራ ብላችሁ የሺአ ቅባት ብትጠይቁ፣ የምታገኙት መልስ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው። ሻጩ ከመደርደሪያው ላይ ነጭ ቅባት የያዘ የፕላስቲክ ዕቃ ያወርድና «እህቴ፣ ይሄ ኦሪጅናል ነው፤ የውጭ ነው» ይላል። ከጋምቤላ የሚመጣውን ብትጠይቁት ደግሞ ፊቱን ያጨማድዳል። «እሱ እኮ የገጠር ነው፤ ይሸታል፣ ንጽሕናውም አይታወቅም።» ይህን የሚለው ሻጩ ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዕር አላነሳም ነበር። ገዢዋም ይህንኑ ታምናለች። የተማረውም፣ ያልተማረውም፣ ከጎሬ እስከ በደሌ ያለው የከተማ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚያስበው፤ ሺአ የምዕራብ አፍሪካ ነገር ነው፣ ጥሩው ፋብሪካ የገባው ነው፣ በእጅ የሚሠራው ኋላ ቀር ነው። ይህ አስተሳሰብ ስሕተት ነው። ስሕተቱም ከአንድ ሰው ኪስ አልፎ የአንድ ዛፍን ዕጣ የሚወስን ስለሆነ ዝም ብለን ልናልፈው አይገባም።

የተቃራኒውን ወገን ክርክር ሳላዛባ ላስቀምጥ። በዓለም ገበያ የሚሸጠው ሺአ በብዛት የሚመጣው ከናይጄሪያ፣ ከጋና፣ ከቡርኪና ፋሶና ከማሊ ነው፤ በዚያ ገበያ የኢትዮጵያ ስም አይነሳም። እውነት ነው። በእጅ የሚሠራ ቅባት ጥራቱ ከቤት ቤት ይለያያል፤ ፍሬው በእሳት ላይ ከደረቀ ጭስ ጭስ ይላል፣ በደንብ ካልደረቀ ይሻግታል፣ በሃይላንድ ጠርሙስ ተሞልቶ ሲሸጥ የተሠራበት ቀንም ሆነ የሠሪው አድራሻ አይጻፍበትም። ይህም እውነት ነው። ስለዚህ ሕፃን የታቀፈች እናት ከማታውቀው ጠርሙስ ይልቅ ጽሑፍ ያለበትን ዕቃ ብትመርጥ ማንም ሊወቅሳት አይችልም። እኔም አልወቅሳትም። ጥያቄዬ ከእነዚህ እውነቶች ተነስተን «የእኛው የማይረባ ነው» ወደሚለው ፍርድ እንዴት ደረስን ነው። በመካከሉ ያለው ድልድይ የት አለ?

የሺአ ዛፍ ባዕድ ነው ከሚለው እንጀምር። ከመቱ ተነስታችሁ ጎሬን እለፉና በቡሬ በኩል ቁልቁል ውረዱ። 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ከተቀመጠችው ጎሬ፣ ወደ 500 ሜትር ዝቅ እስከሚለው የጋምቤላ ሜዳ ድረስ የሚወስደው ይህ መንገድ የቡናውን ጫካ ከኋላ ይተወውና ረጃጅም ሣር መሀል ዛፎች ተራርቀው ወደቆሙበት ሞቃት አገር ያደርሳችኋል። ሳይንቲስቶች ኒሎቲካ ብለው የሚለዩት የሺአ ዝርያ የሚበቅለው እዚህ ነው፤ ከደቡብ ሱዳንና ከሰሜን ዩጋንዳ ጋር የምንጋራው ዝርያ ነው። የአካባቢው የአኙዋ ሴቶች ከፍሬው ዘይት እያወጡ ለወጥም ለገላም ሲጠቀሙበት ኖረዋል። ይህ አገር ደግሞ ለእኛ ለኢሉባቦር ሰዎች ሩቅ አልነበረም። ጋምቤላ እስከ ደርግ ዘመን ማብቂያ አካባቢ ድረስ የኢሉባቦር ክፍለ ሀገር አካል ነበረች። አፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1902 ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት ስምምነት ባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ከተፈቀደ በኋላ፣ የጎሬ ቡና በበቅሎ እየተጫነ ወደዚያ ሲወርድ፣ ክረምት ላይ ወንዙ ሲሞላ ደግሞ በእንፋሎት መርከብ ወደ ካርቱም ሲሄድ ኖሯል። አያቶቻችን ሲራራ ነጋዴዎች ሆነው የተመላለሱበትን አገር ዛፍ ባዕድ ብለን፣ ባሕር ተሻግሮ የመጣውን ዕቃ «ኦሪጅናል» ማለታችን ምን ዓይነት ሚዛን ነው?

«ታዲያ ጥሩ ቢሆን የዓለም ገበያ አይፈልገውም ነበር?» ይሉኛል። ይህ ክርክር ጠንካራ ይመስላል፤ ገበያው ምን እንደሚገዛ የሚያውቅ ሰው ግን አይደናገርበትም። ከምዕራብ አፍሪካ ወደ ውጭ የሚላከው ሺአ አብዛኛው የሚሄደው ወደ ሴቶች መዋቢያ ሳይሆን ወደ ምግብ ፋብሪካ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው መመሪያ ቸኮሌት ውስጥ እስከ ከመቶ 5 ድረስ ከኮኮዋ ውጭ የሆነ የአትክልት ስብ እንዲገባ ፈቅዷል፤ ከተፈቀዱት ስድስት ዓይነቶች አንዱ ሺአ ነው። ለቸኮሌት የሚፈለገው ደግሞ ጠጣር፣ የሚረጋ ስብ ነው፤ የምዕራብ አፍሪካው ሺአ ስቴሪክ አሲድ የሚባለው ጠጣር ስብ ስለሚበዛበት ለዚያ ይመቻል። የእኛው ኒሎቲካ ኦሌይክ አሲድ ይበዛበታል፤ በወይራ ዘይት ውስጥ በብዛት የሚገኘው ማለት ነው። ስለዚህ ለስላሳ ነው፤ ቶሎ ይቀልጣል። ለቸኮሌት ፋብሪካ ይህ ጉድለት ሊሆን ይችላል። ለቆዳስ? ሳይጎተት የሚዳረስ፣ በጣት ሙቀት ብቻ የሚቀልጥ ቅባት ለቆዳ የሚመረጥበት እንጂ የሚጠላበት ምክንያት የለም። የኒሎቲካ ቅባት በውጭ አገር የመዋቢያ ገበያ ላይ በስሙ ተለይቶ የሚሸጠውም በዚሁ ልስላሴው ነው። የቸኮሌት ሰሪውን ምርጫ ተውሰን የገላችንን ቅባት መመዘን የለብንም።

በሱቅ በር ላይ የምሰማው ሌላው ክስም ከዚሁ የመነጨ ነው። «የጋምቤላው ይፈሳል፤ በዘይት ተበርዟል።» ጠርሙሱ ጋምቤላ ላይ ሲሞላ እንደ ዘይት ይፈሳል፤ መቱ ሲደርስ ደመናማ ይሆናል፣ ሌሊቱን በብርድ ካደረ ታቹ ይረጋል። ይህ የዝርያው ጠባይ ነው። መበረዝ አለ ወይ ብትሉኝ ሊኖር ይችላል፤ ማርም ይበረዛል፣ ቅቤም ሙዝ ይገባበታል። ለስላሳ መሆኑ ግን የመበረዙ ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

ወደ ንጽሕናው ልምጣ። ነጭና ሽታ የሌለው ነገር ንጹሕ ነው፣ ቢጫና ሽታ ያለው ቆሻሻ ነው ያለው ማን ነው? ሺአ ከፍሬው ሲወጣ በተፈጥሮው ከነጣ ክሬም እስከ ቢጫ ያለ መልክ፣ የተቆላ ለውዝ የመሰለ ሽታ አለው። ነጭ የሚሆነው ፋብሪካ ውስጥ ቀለም በሚመጥ የሸክላ ዱቄት ተጣርቶ፣ ሽታው ደግሞ በከፍተኛ ሙቀት በእንፋሎት ተነድቶ ሲወጣ ነው። ይህ አሠራር መርዝ አይደለም፤ ዘይቱ እንዲበረክትና ከቀን ቀን አንድ ዓይነት እንዲሆን ያደርጋል። ሆኖም ሲያጣራ አብሮ የሚቀንሰው ነገር አለ። ሺአን ከሌላው ዘይት የሚለየው ወደ ሳሙና የማይለወጠው ክፍሉ መብዛቱ ነው፤ በአብዛኞቹ የምግብ ዘይቶች ውስጥ ጥቂት የሆነው ይህ ክፍል በሺአ ውስጥ በብዙ እጥፍ ይገኛል። ተመራማሪዎች ብግነት ይቀንሳሉ ብለው የሚያጠኗቸው ውህዶች እዚያ ውስጥ ናቸው። ነጩን የሚያደንቅ ሰው ሺአን ሺአ ያሰኘው ነገር የተቀነሰለትን ቅባት በበለጠ ዋጋ እየገዛ ነው።

ሽታን በተመለከተ ደግሞ የኢሉባቦርን እናት ማንም ሊያስተምራት አይችልም። ለጋ ቅቤን ከበሳሉ ዓይኗን ጨፍና በአፍንጫዋ የምትለይ፣ ለጋውን ለጸጉሯ፣ በሳሉን ለወጥ የምታውል ሴት፣ የሺአን የተቆላ ለውዝ ሽታ ከብልሽት ሽታ መለየት እንዴት ያቅታታል? የተበላሸ ሺአ አፍንጫን ይሰነፍጣል፣ ቆዳ ላይ ይቆጠቁጣል፤ መጣል አለበት። ጤነኛው ግን የራሱ ጠረን አለው፤ ተቀብተው ትንሽ ከቆዩ ይጠፋል። ቅቤ ተቀብታ ሠርግ የምትሄድ እህቴ «ሺአ ይሸታል» ስትለኝ፣ ከአፍንጫዋ ይልቅ የሻጩን ቃል ማመኗ ነው የሚያሳዝነኝ።

ከሁሉ የሚያስቆጣኝ ግን «ኋላ ቀር» የሚለው ቃል ነው። የሚሉትን ሰዎች ሥራውን አይታችሁ ታውቃላችሁ ወይ ብዬ ብጠይቅ የሚመልስልኝ ብዙ አይኖርም። የሺአ ፍሬ ከዛፍ አይቀጠፍም፤ በስሎ ራሱ ሲወድቅ ነው የሚለቀመው፣ ዝናቡ ሲገባ። ሥጋው ጣፋጭ ነው፣ ልጆች ይበሉታል። ቡናማውና አብረቅራቂው ዘር ግን ሕይወት ያለው ነገር ነው። እርጥብ መሬት ላይ ቀናት ከሰነበተ ሊበቅል ይነሳል፤ ለመብቀልም በውስጡ ያከማቸውን ዘይት መሰባበር ይጀምራል። ያ የተሰባበረ ዘይት ነው በኋላ ቅባቱን የሚያመርረውና የሚያሸተው። ስለዚህ ቶሎ መቀቀል አለበት። መቀቀሉ ዘሩን ይገድለዋል፣ ዘይት የሚሰባብረውን ኢንዛይምም ያቆመዋል። ይህን የምታደርገው ሴት ኢንዛይም የሚለውን ቃል ላትሰማ ትችላለች፤ ዘሩ ካላደረ ዘይቱ እንደማይመር ግን ታውቃለች። ከቀቀለች በኋላ ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች። መድረቁን የምታረጋግጠው አንስታ ጆሮዋ አጠገብ በመነቅነቅ ነው፤ ውስጡ ከቅርፊቱ ተላቆ ሲንኳኳ ጊዜው ደርሷል። ቅርፊቱን ትሰብራለች፣ ውስጡን አንድ በአንድ ትለቅማለች፣ የሻገተውንና የጠቆረውን ትጥላለች፣ የቀረውን እንደገና ታደርቃለች።

ከዚህ በኋላ ያለው ከአገር አገር ይለያያል። ይቆላል፣ በሙቀጫ ይወቀጣል፣ በድንጋይ ወፍጮ ይደቅቃል፤ ሲደቅ ጥቁር ቡናማ ሊጥ ይሆናል። ወደ ምዕራብ አፍሪካ ሊጡ በውሃ እየተቦካ በእጅ ይመታል፤ ወደ ዩጋንዳና ደቡብ ሱዳን ብዙ ቦታ ላይ ደግሞ በፈላ ውሃ ውስጥ ይጨመርና ዘይቱ ከላይ ሲንሳፈፍ ይገፈፋል። በመጨረሻም ለብቻው እንደገና ይፈላል፤ ውሃው እስኪያልቅ፣ መንተክተኩ እስኪቆም። ውሃ የቀረበት ዘይት እንደማይበረክት ስለሚታወቅ ነው።

እዚህ ውስጥ ያለ ምክንያት የሚሠራ ነገር አሳዩኝ። እያንዳንዱ እርምጃ ዘይት ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራው መሐንዲስ የሚያስብበትን ችግር ይፈታል። ደግሞም የቅባቱ ጥራት የሚወሰነው ዘሩ ወፍጮ ከመድረሱ በፊት ነው፤ በአለቃቀሙ፣ በአቀቃቀሉ፣ በአደራረቁ። በጊዜ ያልተቀቀለን ዘር በዓለም አሉ በተባሉ ማሽኖች ብትጨምቁት የሚወጣው የተበላሸ ዘይት ነው፤ እንዲያ ሲሆን ነው በማጣሪያ ኬሚካል ማስተካከል የግድ የሚሆነው። ማሽን አይግባ እያልኩ አይደለም። በሙቀጫ መውቀጥ ጀርባ ይቆርጣል፣ ማፍላቱ ብዙ እንጨትና ውሃ ይፈልጋል፣ በእጅ ሲወጣም ከዘሩ ውስጥ ካለው ዘይት ብዙው በአተላው ውስጥ ይቀራል። መስበሪያና ወፍጮ ቢገባላቸው እሰየው። የሚገባው ግን ሴቶቹ የሚያውቁትን እንዲያግዝ እንጂ «የማታውቁ ናችሁ» ብሎ ሊተካቸው መሆን የለበትም።

አሁን ያንን «ኦሪጅናል» ዕቃ አንስተን ጀርባውን እናንብብ። ጽሑፉ ደቃቅ ነው፤ ብርሃን ወዳለበት አውጡት። በውስጡ ያሉት ነገሮች ከብዙው ወደ ጥቂቱ ነው የሚደረደሩት። የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ ውሃ ነው፤ ቀጥሎ ከነዳጅ የሚወጣ የማዕድን ዘይት፣ ማወፈሪያ፣ ማያያዣ። ሺአ በሳይንሳዊ ስሙ «ቡቲሮስፐርሙም ፓርኪ» ተብሎ ይጻፋል፤ እሱን ፈልጉ። ከሽቶው በኋላ ካገኛችሁት፣ በብዙ ቅባቶች ላይ እንደማየው፣ መጠኑ አብዛኛውን ጊዜ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። ፊት ለፊቱ ላይ የፍሬው ሥዕል በትልቁ ተስሏል፤ የተሸጠላችሁ ግን ሽቶ የተጨመረበት ውሃና የማዕድን ዘይት ነው። ከዚህ የከፋም አለ። ያው መደርደሪያ ላይ፣ ከዚያው ዕቃ ጎን፣ ቆዳ ያቀላሉ የሚባሉ ክሬሞች ተደርድረዋል፤ አንዳንዶቹ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሊሸጡ የማይገባቸው ስቴሮይድ ያለባቸው ናቸው። ሺአ ቆዳ አያቀላም። «በሺአ የበለፀገ» የሚለው ጽሑፍ በእነዚያ ክሬሞች ላይ ተለጥፎ ሲታይ ልባችሁ ይደንግጥ።

በሌላ በኩል የእኛኑ ቅባት እንወዳለን እያሉ የሚጎዱት ሰዎችም ዝም ሊባሉ አይገባም። ሺአ ለጭርት፣ ለእከክ፣ ለቋቁቻ መድኃኒት አይደለም። ከፀሐይ በበቂ አይከላከልም። ሕፃንን በቅባት በየቀኑ ማሸት የቆዳ አለርጂን አስቀድሞ ይከላከላል ወይ ተብሎ እንግሊዝ አገር ከ1,300 በላይ ሕፃናት ላይ የተደረገው ጥናት፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2020 ሲወጣ፣ ማሸቱ እንደማይከላከል አሳይቷል። ቆዳ ውስጥ ያለውን ውሃ እንዳይወጣ በመድፈን ረገድ ደግሞ ርካሹን ቫዝሊን የሚያህል የለም፤ ይህን ብሸሽግ ውሸታም እሆናለሁ። ሺአ የሚሠራው ልከኛ ሥራ ነው። የደረቀውን ያለሰልሳል፣ የተላቀቁትን የላይኛውን ቆዳ ሕዋሳት ክፍተት ይሞላል፣ ውሃን በከፊል ይይዛል፣ ወዝ ይሰጣል። ይህ ሥራ ትንሽ ነው?

ትንሽ ነው የሚል ሰው የኢሉባቦርን እግር ያላየ ነው። አካባቢያችን ከባድ ዝናብና ቀይ አፈር ያለበት ደጋና ወይና ደጋ ነው፤ በእንዲህ ያለ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር የሚሄድ ገበሬ ዝሆኔ ሊይዘው ይችላል። ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለው ይህ በሽታ በኢትዮጵያ አንድ ሚሊዮን ተኩል ገደማ ሰው እንደያዘ ይገመታል። ተላላፊ አይደለም፤ ሆኖም ሰው ከጋብቻና ከዕድር ይገለላል። ሕክምናው ምንድን ነው? እግርን በየቀኑ በሳሙና መታጠብ፣ በደንብ ማድረቅ፣ ቅባት መቀባት፣ ጫማ ማድረግ። ቆዳው ከደረቀና ከተሰነጠቀ በስንጥቁ ጀርም ይገባል፣ እግሩ ያብጣል፣ ትኩሳት ይጥላል፣ ሰውዬው ከእርሻው ይቀራል። ለዚህ ሰው ቅባት ቅንጦት አይደለም። የተቀባው ነገር ቫዝሊን ይሁን ሺአ ወይም ግሊሰሪን፣ ዋናው በየቀኑ ማግኘቱ ነው። ከቡሬ በታች በሚበቅል ዛፍ የሚገኝን ንጹሕ ቅባት ለገላ አይረባም ብለን ስንንቅ፣ የምንንቀው ከእንዲህ ዓይነቱ እግር ላይ አንድ አማራጭ እየቀነስን መሆኑን እናስብ።

ንቀቱ የዛፉንም ዕጣ ይወስናል ያልኩት ለማጋነን አይደለም። ሺአ ፍሬ ለመስጠት ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጃል፤ ከዚያ በኋላ ግን ለትውልዶች ያፈራል። እንዲህ የሚዘገይን ዛፍ የሚተክል ሰው ጥቂት ነው፤ ያለው ተጠብቆ ነው የሚኖረው። ተጠብቆ የሚኖረው ደግሞ ፍሬው ገንዘብ ሲያመጣ ነው። ገዢ ያጣ የሺአ ዛፍ ጥሩ ከሰል ነው፤ ለሰፋፊ እርሻ መሬት ሲመነጠርም እንደ ቁጥቋጦ ይቆጠራል። የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ይህን ዛፍ እ.ኤ.አ. በ1998 ለመጥፋት ከተጋለጡት ጎራ መድቦታል። ዩጋንዳ የእኛኑ ዝርያ የምታበቅልበት ሰሜናዊ ክፍሏ ላይ የንግድ ከሰል ማክሰልን እ.ኤ.አ. በ2023 ከልክላለች። ናይጄሪያ ጥሬው ዘር እየተጫነ ቅባቱ በውድ እየተመለሰ መቸገሯን አይታ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2025 ላይ ጥሬ ሺአ ወደ ውጭ እንዳይላክ ለስድስት ወር አገደች። ሌሎች ስለዚህ ዛፍ አዋጅ እያወጡ ነው። እኛ «ይሸታል» እያልን ነው። ቡናን ጥሬውን ሰጥቶ የሰውን ትርፍ ቆሞ የማየትን ነገር ከኢሉባቦር ሰው በላይ ማን ያውቀዋል?

ንጽሕናው አልታወቀም የሚለው ስጋት መፍትሔ አለው፤ መፍትሔው ግን ከውጭ የሚመጣው ዕቃ አይደለም። በቅባት ውስጥ ያለውን የተሰባበረ ዘይት መጠን ለማወቅ የሚያስፈልገው አልኮል፣ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድና ቡሬት የሚባለው የመስታወት ቱቦ ነው፤ ማንኛውም የዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ክፍል ተማሪዎቹን የሚያሠራው ሙከራ ነው። መቱ ዩኒቨርሲቲ ደጃችን ላይ ነው። ከጋምቤላ የሚመጣውን ጠርሙስ እየመረመረ ደረጃውንና ቀኑን የሚለጥፍበት ቢሮ ለመክፈት ሚሊዮኖች አይጠይቅም። የጤና ጣቢያዎቻችን ለዝሆኔ ሕሙማን የሚሰጡትን ቅባት ሲገዙ የተመረመረውን የአገር ውስጥ ሺአ ከዝርዝራቸው ያስገቡት። ነጋዴው ከሠሪዎቹ በቀጥታ ይግዛ፣ ጠርሙሱ ላይ የቦታውን ስምና የተሠራበትን ወር ይጻፍ፣ ዋጋውንም እንደ ልመና ሳይሆን እንደ ዕቃ ይክፈል። ገዢዋም «ኦሪጅናል አለ?» ብላ ስትጠይቅ ከአኙዋ ሴቶች እጅ የወጣውን ማለቷ ይሁን፤ ምክንያቱም በዚህ አገር ከዚያ በላይ ኦሪጅናል ሺአ የለም።